የማይ ኔክስት ሙቭ የዝንባሌ መጠይቅ፦ ትምህርት መምረጥ ለጨነቃት ልጅ ምን ጠቀማት?

የእህቴ ልጅ በዚህ ወር መጨረሻ አንድ ፎርም መመለስ አለባት። ለመጨረሻዎቹ ሁለት የሃይስኩል ዓመታት የምትማራቸውን አራት ዋና ዋና ትምህርቶች ጽፋ፣ ወላጅ አስፈርማ። ፎርሙ አንድ ገጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ያስነሳው ንትርክ ግን ተጽፎ አያልቅም። እናቷ «ሳይንሱን ያዢ፣ ካልሆነ በኋላ ትተዪዋለሽ» ትላለች። አባቷ «ውጤት የምታመጪበትን ያዢ» ይላል። የክፍል ጓደኞቿ ደግሞ እርስ በርስ ተማክረው ጨርሰዋል። መሀል ላይ ግራ ሲገባት ለእኔ ደወለች። «ጋሼ፣ ምን ልማር ትለኛለህ?»

እኔ በዚህ ጉዳይ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ወረቀቱ ሲታደል አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ የቱ ላይ ምልክት እንዳደረገ አየሁና እኔም እዚያው ላይ አደረግኩ። በቃ፣ ምርጫዬ ያ ነበር። እሱ በዓመቱ ትምህርት ቤት ቀየረ። እኔ ከማልወደው ኬሚስትሪ ጋር ሁለት ዓመት ተፋጠጥኩ። ስለዚህ ከራሴ አፍ ምክር ከማውጣት አንድ የሚረዳ ነገር ልፈልግላት ብዬ ኢንተርኔት ላይ ገባሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁትን ስሙን አልጠራውም። «ለአንተ የሚሆነውን የትምህርት መስክ በደቂቃዎች እንነግርሃለን» ይላል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስመልስ ቆይቼ ልክ መጨረሻው ላይ ስደርስ «ሙሉ ውጤቱን ለማየት ይክፈሉ» አለኝ። ዘጋሁት። ከዚያ ነው ማይ ኔክስት ሙቭ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያለውን የኦኔት ኢንተረስት ፕሮፋይለር የሚሉትን የዝንባሌ መጠይቅ ያገኘሁት። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገንዘብ እየመደበ የሚያሠራው ነው። ነፃ ነው፣ ተመዝገቡ አይልም፣ ኢሜይል አይጠይቅም። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ መጣችና ላፕቶፑን መሀላችን አድርገን ተቀመጥን።

አሠራሩ ቀላል ነው። 60 ጥያቄዎች አሉት። ጥያቄ ከማለት ይልቅ እያንዳንዱን የሥራ ዓይነት ማለት ይቀላል። የኩሽና ቁምሳጥን መሥራት፣ ጡብ ወይም ሴራሚክ መደርደር፣ አዲስ መድኃኒት መፍጠር፣ መጽሐፍ ወይም ተውኔት መጻፍ፣ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ፣ መዝገብና ፎርም እያነበቡ ስህተት መልቀም። ለእያንዳንዱ «በጣም እወደዋለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም እጠላዋለሁ» ድረስ ካሉት አምስት መልሶች አንዱን ትመርጣላችሁ። መሀሉ ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። (ይችን መሀለኛዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።)

አንድ ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው ወደድኩለት። ስትመልሱ ስለ ደመወዙም፣ ለሥራው የሚያበቃ ትምህርት ይኑራችሁ አይኑራችሁም አታስቡ፤ ሥራውን ብትሠሩት ትወዱት እንደሆነ ብቻ አስቡ ይላል። ይህን ሳነብላት ልጅቷ ትከሻዋ ሲላላ በዓይኔ አየሁ። ለካ እስከዚያ ሰዓት ድረስ «ምን ትወጃለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ ሁሉም «ምን ያዋጣል?» ነው።

ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ቋንቋው ከባድ አይደለም፣ ግን ብቻውን ለሚሞላ ልጅ አንዳንዱ ግር ይላል። እኔ እየተረጎምኩላት፣ እሷ እየሳቀች ወደ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ብቻዋን ብትሆን በአሥር ደቂቃ ትጨርሰው ነበር መሰለኝ። የመዝገብ ለቀማው ጋ ስትደርስ «ይሄ ሥራ ነው ቅጣት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀን ከሌት የምሠራው እሱኑ ነው። ዝም አልኩ።

ውጤቱ የሚመጣው በስድስት ክፍል ነው። በእኛ አባባል በእጅና በመሣሪያ የሚሠራ፣ የምርምር፣ የጥበብና የፈጠራ፣ ከሰው ጋር የሚሠራ፣ የንግድና የአመራር፣ የመዝገብና የሥርዓት ልንላቸው እንችላለን። ይህን ክፍፍል ያመጣው ጆን ሆላንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦር ሠራዊት ውስጥ ምልምሎችን እያነጋገረ ለየሥራው ሲለይ ነው ሰዉ በጥቂት ዓይነቶች ይጠቃለላል የሚለው ሐሳብ የመጣለት። ንድፈ ሐሳቡን በ1959 አሳተመ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ከምታገኟቸው የሥራ ዝንባሌ ፈተናዎች ብዙዎቹ ከዚያው የተቀዱ ናቸው፤ የከፈላችሁበትም ቢሆን።

እያንዳንዱ ክፍል አሥር አሥር ጥያቄ አለው፤ ከ40 ይታረማል። የእሷ ውጤት እንዲህ ወጣ፦ ምርምር 27፣ ጥበብ 26፣ ከሰው ጋር 25። ሌሎቹ ከ15 በታች። እናቷ ከወዲያኛው ክፍል «ምን አለ?» ብላ ጮኸች። «ምርምር አንደኛ» አልኳት። «አላልኩም?!» አለች እህቴ። ለእሷ ነገሩ በዚሁ አልቋል።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። 27 እና 25 ልዩነታቸው ምንም ነው። አንድ ጥያቄ ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» የነበረውን «በጣም እወደዋለሁ» ብትሉት ብቻ ሁለት ነጥብ ይጨምራል። አንዲት ጥያቄ! ስለዚህ ከላይ ያሉት ሦስቱ እኩል ናቸው ብሎ ማንበብ ነው የሚሻለው። ከዚህ ውጤት ላይ የምናገኘው እርግጠኛ ወሬ ቢኖር ነግዳ ማትረፍና መዝገብ መያዝ ደስ እንደማይላት ነው። እሱን ደግሞ ያለ ኮምፒውተርም እናውቀዋለን።

ቀጥሎ ምን ያህል ዓመት ለመማር ዝግጁ እንደሆናችሁ ይጠይቃል። ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ 1 ብዙም ዝግጅት የማይጠይቅ ሥራ ነው፣ 5 ረጅም ዓመት መማር የሚጠይቅ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ዛሬ ያለበትን ሳይሆን ወደፊት የሚደርስበትን አስቦ መምረጥ አለበት። እሷ 4ን መረጠች። የሥራ ዝርዝር ወረደ፣ ረጅም። እሱን ማየት ብቻ ያስደስታል። ግማሹን እኔም ሰምቼው አላውቅም።

እና አሁን ዋናው ጥያቄ፦ የትኞቹን ትምህርቶች ልምረጥ? መጠይቁ ይህን አይመልስም። አንድም ቦታ «ፊዚክስ ያዢ፣ ታሪክ ተዪ» አይልም። በዚህ የተናደዱ ሰዎች ካሉ አልፈርድባቸውም። ግን የተሠራው ለሱ አይደለም። ወደ ትምህርት የሚወስደውን ድልድይ የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ፣ እኛም ያንን ለማድረግ ሞከርን።

መጠይቁን ስትሞላ አንድ ወረቀት ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» ያለችባቸውን እየጻፍኩ ነበር። 17 ሆኑ። ውጤቱን ትተን እነሱን አንድ በአንድ አነሳናቸው። ለምን እርግጠኛ አልሆንሽም? ብዙዎቹ ላይ መልሷ «አላውቀውማ» ነው። የውሃ ብክለትን የሚቀንስ ዘዴ ማጥናት የሚለው ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ የሚባል ሥራ አለ እንዴ? ማን ነው የሚከፍላቸው?»

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ። መጠይቁ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ያላየውን ሥራ እንዲወድ ወይ እንዲጠላ ይጠይቀዋል፣ ያልታየው ደግሞ መሀል ላይ ተቀምጦ ውጤቱን ያደበዝዛል። ለእኛ ግን ከ60ዎቹ ውስጥ የጠቀሙን እነዚያ 17ቱ ናቸው። ልጃችሁን ይዛችሁ የምትሞክሩት ከሆነ ይህን አትለፉት። ብቻውን አስቀምጣችሁት ውጤቱን ብቻ ከጠየቃችሁ ምንም አላደረጋችሁም።

ከዚያ የውሃ ነገር ተነስተን ሃይድሮሎጂስት (የውሃ ሀብት አጥኚ) የሚለውን ገጽ ከፈትን። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ገጽ አለው፤ በሥራ ቀን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እውቀት እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል ትምህርት እንደሚጠይቅ በአጭሩ ተጽፏል። ደመወዙና የሥራ ዕድሉ የአሜሪካ ስለሆነ እለፉት። የእውቀቱን ዝርዝር ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ወደ ትምህርት ምርጫ የሚወስደው ድልድይ እሱ ነው። ሒሳብ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ጂኦግራፊም አለ። ልጅቷ ጂኦግራፊ ትወዳለች፣ ግን «ሳይንስ ከያዝኩ ጂኦግራፊ ቀረ» ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሁለቱ አንድ ሥራ ላይ ሲገናኙ ስታይ ገጹን ለእናቷ ልታሳይ ላፕቶፑን ተሸክማ ሄደች።

ሌላም አምስት ስድስት ገጽ እንደዚሁ ከፈትን። ያየነውን ልንገራችሁ፦ ሒሳብ ባላሰብነው ቦታ ሁሉ ይመጣል። ኢኮኖሚክስ ወሬ ብቻ የሚመስለው ልጅ አለ፤ ሒሳብ ነው። ሳይኮሎጂ ሰው ማዳመጥ ብቻ ይመስላል፤ ስታትስቲክስ አለው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ልጅም ከኮምፒውተር ትምህርቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሒሳቡን ነው። አርክቴክቸር ሥዕል ብቻ የሚመስለውም እንዲሁ። ሒሳብን ስለጠሉት ብቻ የሚተዉ ልጆች ስንት በር አብረው እንደዘጉ የሚገባቸው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሲሞሉ ነው። ስለዚህ ገጹን ካያችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ለዚያ መስክ የሚጠይቁትን የመግቢያ መስፈርት ፈልጋችሁ አንብቡ። ምህንድስና ሒሳብ፣ ብዙ ጊዜም ፊዚክስ ይላል። ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ኬሚስትሪን አይለቅም። ይህን መጠይቁ አይነግራችሁም፣ የሚነግራችሁም የዩኒቨርሲቲው ገጽ ብቻ ነው።

እህቴም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ ይህን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከሳይንስ ወደ ሌላው መሻገር፣ ከሌላው ወደ ሳይንስ ከመሻገር ይቀላል። የሷ ስህተት «በኋላ ትተዪዋለሽ» የሚለው ላይ ነው። በኋላ የሚባለው እስኪመጣ ድረስ ልጅቷ በማትወደው ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት እያስመዘገበች ትቆያለች፣ ያ ውጤት ደግሞ የትም ብትሄድ ይከተላታል። የአባቷም «ውጤት የምታመጪበትን» ጥሩ ነው፣ ግን ውጤቱ ከአስተማሪው ጋር ይሄዳል። በዚህ ዓመት ባዮሎጂ ላይ ከፍ ያለችው መምህሯ ስለሚመቻት እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች። የሚቀጥለው ዓመት መምህር ማን እንደሆነ ማን ያውቃል።

እና ሥርዓቱ እንደየአገሩና እንደየትምህርት ቤቱ ነው፣ ይህንንም አስቡበት። ሁለት ጎራ ብቻ አቅርቦ ወይ ይሄን ወይ ያንን የሚል አለ። በኤ ሌቭል፣ ማለትም በእንግሊዞቹ የሃይስኩል ማጠናቀቂያ፣ ብዙ ተማሪ የሚይዘው ሦስት ትምህርት ነው፤ ጥበቱ ያስፈራል። የአይቢ ዲፕሎማ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሃይስኩል ፕሮግራም ስድስት ያስይዝና ሦስቱን ከፍ ባለ ደረጃ ያስመርጣል፤ ሒሳብ እዚያ ውስጥ ግዴታ ነው። ምርጫው በጠበበ ቁጥር መሳሳቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ እንደዚህ ያለውን መጠይቅ ፎርሙ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት መሞከር ነበረብን። እኛ በሁለት ሳምንት ነው የምንሯሯጠው።

ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 4 እሰጠዋለሁ። ነፃ ነው፣ አያጭበረብርም፣ ወሬ አስጀማሪ ነው። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ውጤቱን በቁጥር ደርድሮ ሲያሳይ 27 እና 25 አንድ መሆናቸውን እዚያው አጠገቡ ጎላ አድርጎ ቢናገር ኖሮ ስንት ቤት «አላልኩም?!» ከመባል ይድን ነበር ብዬ ነው።

ፎርሙን ትናንት ማታ አየሁት። ሒሳብና ኬሚስትሪ በእስክሪብቶ ተጽፈዋል፣ ጂኦግራፊም። አራተኛው ሳጥን ላይ ፊዚክስ በእርሳስ ነው። ለካ ትምህርት ቤቱ ጂኦግራፊንና ፊዚክስን አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻል እንደሆነ ሰኞ ጠይቃ ትመጣለች። እናቷ ከሥር ፈርማለች። ፊርማው በእስክሪብቶ ነው።