ክብ የሌለው ሰርከስ

ትናንት ማታ ልጄን ይዤ ሰርከስ ለማየት ሄጄ ነበር። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻቸዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት በጥበበኞቹ ጥፋት ሳይሆን በአዘጋጆቹ ነው።

ትርዒቱ የቀረበው በአራት ማዕዘን አዳራሽ፣ እንደ ቲያትር ከፊት ለፊት በተሠራ መድረክ ላይ ነው። የእኛ ወንበሮች ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በግራ በኩል ግድግዳውን ታክከው ነበር። ከዚያ ሆኜ አጥርቼ ያየሁት ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ተራውን የሚጠብቀውን ወጣት ነው። ስድስት ሰዎች ተደራርበው ሲቆሙ ለእኔ የደረሰኝ ዳር የቆመው ሰውዬ ጀርባ ብቻ ሆነ። መሃል የተቀመጡት ሲያጨበጭቡ እኔም ለይሉኝታ አጨበጨብኩ።

ቃል መሰንጠቅ እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ ሰርከስ ማለት እኮ ክብ ማለት ነው። ሮማውያን በላቲን ቋንቋቸው ክቡንም ቀለበቱንም «ኪርኩስ» ይሉት ነበር፤ ግሪኮችም «ኪርኮስ» የሚል ተዛማጅ ቃል አላቸው። ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን ስሙን ከኪርኬ ጋር አያይዞታል፤ በግሪኮች ተረት ሰዎችን ወደ እሪያ ከምትለውጠው ጠንቋይ ማለት ነው። ጨዋታው ያምራል፤ ቃሉ የመጣው ግን ከጠንቋይ ሳይሆን ከቅርጽ ነው።

በዕረፍቱ ሰዓት ይህን ለልጄ ሳወራት፣ «አባዬ፣ የሮማውያኑስ ክብ ነበር?» ብላ ያዘችኝ። አልነበረም። በሮም በፓላቲንና በአቬንቲን ኮረብታዎች መካከል የተዘረጋው ሰርከስ ማክሲመስ ከ600 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠባብ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ነበር። ክብነቱ መዞሩ ላይ ነው፤ ሠረገሎቹ የመሃሉን ግንብ ሰባት ጊዜ ይዞሩታል። ልጄ በዚህ መልስ የረካች አትመስልም።

ትክክለኛው ክብ የመጣው ለንደን ላይ ነው። ፊሊፕ አስትሊ የሚባል የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር በ1768 እ.ኤ.አ. የግልቢያ ትርዒት ማሳየት ሲጀምር ፈረሱን በክብ ያስሮጠው ነበር። ተመልካቹ ጋላቢውን ከዓይኑ አያጣውም። ከዚህም በላይ፣ ፈረሱ ሲዞር የሚፈጠረው ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል በጀርባው ላይ የቆመው ሰው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያግዘዋል። ስፋቱ ቆይቶ ወደ 13 ሜትር ገደማ ላይ ረጋ፤ ዛሬም የብዙ ሰርከሶች መለኪያ እርሱ ነው። የሚያስቀው፣ አስትሊ ራሱ ቦታውን አምፊቲያትር እንጂ ሰርከስ አላለውም። በ1782 እ.ኤ.አ. «ሮያል ሰርከስ» ብለው የከፈቱት ተፎካካሪዎቹ ቻርልስ ሂውዝና ቻርልስ ዲብዲን ናቸው። ክቡን ያመጣው አንድ፣ ስሙን የወሰዱት ሌሎች!

ክብ ጥግ የለውም። ለእኔ ግን ጥግ ተሽጦልኛል፤ ያውም መሃል ከተቀመጡት እኩል አስከፍለውኝ።

የጥበበኞቹን ነገር ካነሳሁ፣ ኳስ የሚያፈራርቀው ወጣት አምስተኛዋ ስታመልጠው ሌሎቹን ሳያቋርጥ በእግሩ አንስቶ መለሳት፤ ሆን ብሎ የጣላት እስኪመስለኝ። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ከሁሉም የበለጠችብኝ ግን ቁመቷን የሚበልጥ የብረት ቀለበት እየገፋች ብቻዋን የገባችው ልጅ ናት። ውስጡ ገብታ እጆቿንና እግሮቿን ዘርግታ ዞረች፤ ቀለበቱም ወለል ላይ እንደተወረወረ ሳንቲም እየተንገዳገደ፣ እያንሾካሾከ፣ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቀና ይላል። እርሷን ከጥጌ ሆኜም ሙሉ በሙሉ አየኋት፤ ከየትም ቢያዩት ክብ ክብ ነውና። ሦስተኛውን ኮከብ ያገኙት በእርሷ ነው።

መሄድ የምታስቡ ከአምስተኛው ረድፍ ጀምሮ መሃል መሃሉን ያዙ። የግራውን ዳር ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ በቀኝ ዳር የተቀመጡትንም ከእኛ ፊት ለፊት ሆነው አንገታቸውን ሲያሰግጉ አይቻቸዋለሁ።