«ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፦ ዝምታው ሳይቆረጥ ይደመጥ

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ ወጋየሁ ንጋቱ ለኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም በዩቲዩብ ይገኛል። ሰው የሚያደንቀው ለየባለታሪኩ የሚሰጠውን ድምፅ ነው። ትልቁ ችሎታው ግን ዝም በሚልበት ቦታ ላይ ነው።

ይህ ከድርሰቱ ይነሳል። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል ያጡላት የባላባት ልጅ ናት። አስተማሪዋ ሆኖ ሲገባ በመካከላቸው የበቀለውን ነገር አፍ አውጥተው እንዳይናገሩት ስለቱም ዘሩም ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ፍቅሩ የሚታወቀው ከተነገረው ይልቅ ከተዋጠው ነው፤ መልስ ሲዘገይ፣ ንግግር ተጀምሮ ሲቀር። ሌላው ባለታሪክ ጉዱ ካሳ ግን ያሰበውን ሁሉ ይናገራል፤ እውነቱን ፊት ለፊት ስለሚያወጣውም እንደ እብድ ይታለፋል። ወጋየሁ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለጉዱ ካሳ ቃል፣ ለሁለቱ ፍቅረኞች ጊዜ ይሰጣል።

ትረካው የሚበላሸው በማድመጫው ነው። ቅጂውን አውርደው በፖድካስት መተግበሪያ የሚሰሙ ከሆነ ዝምታን የሚዘለውን ማስተካከያ ያጥፉ። መተግበሪያው ከተወሰነ መጠን በታች የወረደውን ድምፅ ሁሉ ባዶ ቦታ ነው ብሎ ይቆርጣል፤ ማመንታትን ከባዶ ቴፕ አይለይም። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ሁለት ሰከንድ ሲጠፋ፣ የፈራችው ልጅ ያለ ሐሳብ የመለሰች ትመስላለች። ፍጥነቱንም 1.0 ላይ ይተዉት፤ በ1.5 ሲሰማ የሦስት ሰከንድ ዝምታ ሁለት ይሆናል።

ከቅጂዎቹ መካከል ሲመርጡ ንግግር የሚበዛበት ቦታ ላይ ሄደው ይፈትሹ። በዐረፍተ ነገሮች መካከል ትንፋሽ ከተሰማ ጥሩ ነው። ድምፁ ድንገት ድርግም እያለ የሚመለስ ከሆነ ግን የጀርባ ጩኸት የሚያጠፋው ፕሮግራም ከልክ በላይ ስለተሠራበት ትንፋሹንም አብሮ ወስዶታል። ከጀርባ የሚንሿሿ ድምፅ ቢኖረውም ያልተነካካው ይሻላል። ከሥሩ ሙዚቃ የተጨመረበትን ግን ፈጽሞ አንመክርም፤ አድማጩ ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ስሜት ቀድሞ ይነግረዋል።

ክፍሎቹ ተቆርጠው እንዳይሆን የየአንዱን መጨረሻና የቀጣዩን መጀመሪያ ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ይጠቅማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው በጆሮ ማዳመጫ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ይጀምረው፤ መኪና ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ክፍተቶቹን ይሞላቸዋል።