ደብረ ብርሃን ላይ ክረምቱን ያለፈ የሙኦኒዮናሉስታ ቁራጭ

የሰሜን ስዊድኑ ሙኦኒዮናሉስታ (መጀመሪያ የተገኘው በ1906 እ.ኤ.አ.) በመልኩ ከብረት ሜትዮራይቶች (ከህዋ ወደ መሬት ከወደቁ ብረቶች) ግንባር ቀደም ነው፤ ለዝገትም እንዲሁ። የያዝነው ተወልውሎ በአሲድ ንድፉ የወጣለት፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ነው።

ከብረቱ ሌላ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ሰፋ ያሉት መስመሮች ኒኬል ያነሰበት ካማሳይት፣ በመካከላቸው ያሉት ክሮች ኒኬል የበዛበት ቴናይት ናቸው። ይህ የዊድማንስቴተን ንድፍ የሚሠራው ብረቱ በአስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ በሚዞር ትንሽ የሰማይ አካል) ውስጥ እጅግ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ በእቶን አይኮረጅም። መስመሮቹ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሚጠቡ ደቃቅ ኦክታሄድራይት ይባላል። በኒኬል፣ በጋሊየም፣ በጀርማኒየምና በኢሪዲየም መጠን ሲመደብ ደግሞ ከናሚቢያው ጊቤዮን ሜትዮራይት ጋር በ4ኤ ቡድን ይገባል። ሲገዙ ጠርዙን ይመልከቱ፤ እውነተኛው ንድፍ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉትም መስመሮቹ በየተራ ያበራሉ።

በጋውን ምንም አልሆነም። ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሌሊቱን በብርድ የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት የጀበናና የድስት እንፋሎት ሲያገኘው ያልበዋል፤ ቡናማ ነጥቦቹም ከጠርዙና ከስንጥቁ ይጀምራሉ። መንስኤው እጅግ ረጅም ዘመን መሬት ውስጥ ሲቆይ የገባበት ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ አዝጎ አያልቅም፣ ተመልሶ ሌላ ብረት ይበላል። ስለዚህ የስፌት መኪና ዘይት መቀባት ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም።

የሚያድነው ድርቀት ነው። ክዳኑ የሚገጥም 1 ሊትር የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ 50 ግራም ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) አድርጎ እርጥበቱን ከ40 በመቶ በታች ማቆየት። ፍሬው ቀለሙን ሲቀይር 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ማድረቅ። በባዶ እጅ አይነካም፤ ላብ ጨው አለው። ለማጽዳት 96 በመቶ አልኮል እንጂ የቧንቧ ውኃ አይሆንም። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውኃ ስለሆነ አይመከርም።

ከዛገ በ400፣ ከዚያ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በአልኮል አርጥቦ መሞረድ። ንድፉን ለመመለስ 95 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ላይ 5 ሚሊ ሊትር ኒትሪክ አሲድ ቀስ ብሎ መጨመር (መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ)፣ በጥጥ እየቀቡ ንድፉ እስኪወጣ መጠበቅ፣ በተጣራ ውኃ በተበጠበጠ ቢካርቦኔት ማጠብ፣ ወዲያው በአልኮል ደጋግሞ አለቅልቆ ማድረቅ። የተረፈው ድብልቅ ታሽጎ አይቀመጥም፣ ጋዝ ያመነጫል። ንድፉን ለማውጣት በአሲዱ ፋንታ ፌሪክ ክሎራይድ የሚመክሩ አሉ፤ ክሎሪን ስለሚጨምር አንቀበለውም።

ይህን ሁሉ እንክብካቤ ለማይፈልግ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ሩሲያ የወደቀው የብረት ሜትዮራይት ሲኮቴ አሊን ይሻላል፤ መሬት ውስጥ ብዙ አልቆየም። ግን መስመሮቹ እጅግ ሰፊ ስለሆኑ ትንሽ ቁራጭ ላይ ንድፍ አይታይም፤ የሚገዛው ለውጭ ቅርጹ ነው።