በሱሉልታ መንገድ ያለ አንድ የቀጥቃጭ ቤት፦ ከመሬት የወጣን ብረት ለማስለየት

ሱሉልታ ባለው ግቢያችን ለአጥር መሠረት ሲቆፈር ከጉልበት በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ዝገት የለበሰ ትንሽ ብረት ወጣ፤ ከታች ጠባብ ቀለበት፣ ከላይ ደግሞ ጠፍር የሚያልፍበት የሚመስል ቀዳዳ አለው። ቆፋሪዎቹ የበር እጀታ ነው አሉ፣ አንድ ጎረቤታችን የእስረኛ ሰንሰለት ቁራጭ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናገሩ፣ በመንደሩ ያለፈው ቆራሌው ደግሞ ምንነቱን ሳይጠይቅ ዋጋ ሰጠበት። እኔ ለሚዛን መስጠቱ አላስችል ስላለኝ ማረሻና ማጭድ ወደሚሠራበት ወደዚህ ቀጥቃጭ ቤት ይዤው ሄድኩ።

በዚህ ቤት በጣም የወደድኩት አዛውንቱ ባለሙያ ለመልስ የማይቸኩሉ መሆናቸውን ነው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠግተው ብረት መሆኑን አረጋገጡ፤ ቀጥለው መጋጠሚያውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ የዛሬ ብየዳ የቀለጠ ብረት ጉብታ እንደሚተው፣ ይህ ግን በእሳት ግሎ በመዶሻ የተያያዘ በመሆኑ ቀጭን መስመር ብቻ እንደሚታይበት አሳዩኝ። የላይኛው ቀዳዳ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ማለቁንም ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጫማዬን እንዳወልቅ ጠየቁኝና ቀለበቱን በእግሬ አውራ ጣት ላይ አጠለቁት፤ ልክ ገባ። እርካብ ነበር። የቀድሞው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሲጋልብ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ስለነበር ቀለበቱ ሙሉ እግር እንዲያስገባ ሆኖ አይሠራም ነበር። ዕድሜውን ስጠይቃቸው ግን እርጥብ አፈር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብረትን ክፉኛ ሊበላ ስለሚችል በዝገት ብዛት ዘመን አይቆጠርም ብለው ለመገመት እንኳ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ይህ ጥንቃቄያቸው እምነቴን አጸናው።

ቅሬታ አለኝ። እኛ ስንነጋገር ረዳታቸው ሳያስፈቅደኝ አንዱን ጎን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው፤ በዝገቱ ውስጥ የቆዳ ቅሪት ወይም የሠሪው ምልክት ሊኖር ይችል ስለነበር በጣም አዝኛለሁ። በገበያ ቀን ማረሻ የሚያሠራው ገበሬ ስለሚበዛ ወረፋው ረጅም ነው፤ በሌላ ቀን መሄድ ይሻላል። ለማየቱ ክፍያ አልተቀበሉኝም፣ እኔም አንድ ዶማ አሠርቼ ወጣሁ።

ከመሬት የወጣው ነገር ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ከሆነ ግን እሳት ወደሚነድበት ቤት ሊወሰድ ቀርቶ ሊነካም አይገባም፤ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት፤ ይህንን በቀጥቃጩ ቤት የነገረኝ አልነበረም፣ ሊነገር ግን ይገባል። እርካቡን ሳላጥበው በደረቅ ወረቀት ጠቅልዬ፣ የወጣበትን ቦታና ጥልቀት ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ባለሥልጣኑ አሳውቃለሁ፤ አዛውንቱም የሚሰጠኝን መልስ መጥቼ እንድነግራቸው አደራ ብለውኛል።