ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱን አስከፍቱ

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት የምትዞሩ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ሰሞኑን ከሰፈር ሱቅ አንድ ላፕቶፕ ገዛ። ተማሪ ነው፤ ብሩን እናቱ ከዕቁብ ነው ያወጡለት። ዕቃው ሲታይ ንጹህ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፣ ባትሪውም ይይዛል። ልጁ ግን ለትምህርቱ ካሊ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) ያስፈልገዋል። ፍላሹን ሰክቶ ሲያስነሳው «ሴኪዩር ቡት ቫዮሌሽን» የሚል ቀይ ሳጥን ድቅን አለ። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ጥበቃ ሊያጠፋ ወደ ባዮስ ሲገባ ደግሞ ፓስወርድ ጠየቀው። ባለሱቁ ፓስወርዱን አያውቅም። «ዊንዶውሱ ይሠራል አይደል? ምኑ ተበላሸ?» ብሎ መለሰው።

በጣም ነው ያናደደኝ። ቤት ሸጦ ቁልፉን አለማስረከብ ማለት ነው።

ሴኪዩር ቡት በራሱ ክፉ አይደለም። ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይገባ ይጠብቃል። ችግሩ ላፕቶፑ የሚያምነው ፊርማ በአብዛኛው የማይክሮሶፍት መሆኑ ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ማይክሮሶፍት በፈረመላቸው ትንሽ ፕሮግራም በኩል ያልፋሉ፤ ዴቢያንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደዚያው። ካሊና አርች የሚባሉት ሊኑክሶች ግን ሴኪዩር ቡት ካልጠፋ አይነሱም። በዊንዶውስ 8 ጊዜ ማይክሮሶፍት ራሱ የፒሲ አምራቾች ማጥፊያውን ለባለቤቱ እንዲተዉ ያስገድድ ነበር። ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ግን ለአምራቾቹ ፈቃድ ተወው።

ፓስወርዱ ከየት መጣ? ብዙዎቹ ማሽኖች ውጭ አገር ድርጅት ሲገለገልባቸው የነበሩ ናቸው፤ የቆለፋቸው የድርጅቱ አይቲ ነው። «ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ባትሪ ነቅለን ፓስወርዱን እናጠፋዋለን» የሚሏችሁን አትመኑ። እንደ ቲንክፓድ (የሌኖቮ ላፕቶፕ) ባሉት ላይ አይሠራም፤ የሌኖቮ የራሱ መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ፓስወርዱ የተቀመጠበትን ቺፕ ነቅሎ የሚፈታ ባለሙያ አይጠፋም፣ ግን ቦርዱ እዚያው ሊሞት ይችላል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ለማይቀበሉት አሮጌ ማሽኖች ዕድሜ የሚቀጥልላቸው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ የተቆለፈውን ማሽን በርካሽ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ።

ሻጩ ፊት አጥፍታችሁ አስነሱት። ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1 ተጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ እዚያው ያጥፋው፤ ካልቻለ ጥላችሁ ውጡ። ከገባላችሁ ሴኪዩር ቡትን አጥፍታችሁ ሴቭ አድርጉና እንደገና አስነሱት፤ በፍላሽ መነሳቱን በዓይናችሁ እዩ። ደረሰኙ ላይም «ባዮሱ ፓስወርድ የለውም» ተብሎ ይጻፍላችሁ።