ዊንዶውስ 11ን ለወራት ከሠራሁበት በኋላ

ላፕቶፔን ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አፕግሬድ ካደረግሁ ወራት አልፈዋል። ሥራዬ ጽሕፈትና ሒሳብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አልነሳም። ፍጥነቱ አልቀነሰብኝም። የዊንዶውስንና የዜድን ቁልፍ ተጭኖ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን መደርደር ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ሳመሳክር ብዙ ድካም ቀንሶልኛል።

ያስቸገረኝ እጄ የለመደው መቀየሩ ነው። በቀኝ ክሊክ የሚመጣው ዝርዝር አጥሯል፤ የቆዩ ፕሮግራሞች ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ሥር ይገባል። ሺፍትን ይዛችሁ በቀኝ ብትጫኑ የድሮው ዝርዝር ወዲያው ይመጣል። የተከፈቱ ሰነዶች ታስክባር ላይ በየስማቸው ተለያይተው መታየታቸው ደግሞ ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ቀርቶ የተመለሰው በ2023 ነው። ብዙ ደብዳቤ ከፍቶ ለሚሠራ ጸሐፊ ይህ ቀላል አይደለም፤ በዚያን ጊዜ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ብዙዎች ዊንዶውስ 10 ላይ የቀሩት ግን በልማድ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። እኛ ዘንድ በየቢሮው ያሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 6ኛና 7ኛ ናቸው። ኤስኤስዲ ተገጥሞለት፣ ራም ተጨምሮለት እንደ አዲስ የሚሠራ ማሽን አይሆንም ተብሎ ይመለሳል። ባለቤቱን «ለውጥ ይፈራል» ማለት ግፍ ነው።

የቢሮ ሰው ሌላም ስጋት አለው። የዓመታት ሒሳቡ ፒችትሪ 2010 በተባለው የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ በግብር ሰሞን ዊንዶውስ ንካልኝ አይልም፤ ልክ ነው። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤም ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ አያስነካም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተራዘመው የደህንነት ዝማኔም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ስለዚህ ማሽናችሁ የሚፈቅድላችሁ አፕግሬድ አድርጉ፤ በተለይ የባንክ ሥራ የምትሠሩበት ከሆነ አትዘግዩ። የማይፈቅድላችሁ ለተራዘመው ዝማኔ ተመዝገቡ እንጂ ደህናውን ላፕቶፕ አትጣሉ፤ ለኢንተርኔትና ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት ይበቃችኋል። አፕግሬድ የምታደርጉም አስቀድማችሁ የፒችትሪውን ባክአፕና የፎንት ፎልደሩን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ባክአፑንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።