ወንድሜን ራሱን ላናገረችው አማካሪ ምስጋናዬ ይድረሳት

ይህን ከጻፍኩት በቆየ ነበር። ግን ወንድሜ ደርሶ፣ ትምህርት ጀምሮ፣ ድምፁን ደህና ሆኖ ካልሰማሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለፈው እሁድ ከአሜሪካ ደወለ። "እታለም፣ መጽሐፎቼ ክፍል ሳይጀመር በኮምፒውተር የሚነበቡ ሆነው ተልከውልኛል" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ነው ብርሃኑን ያጣው። ያኔ ወሎ ነበርን። እናታችን ይዛው ያልሄደችበት ጠበል የለም። በኋላ ሰበታ መርሐ ዕውራን ገባና ብሬል ተማረ፤ ከዚያ ስድስት ኪሎ ሶሲዮሎጂ አጥንቶ በጥሩ ውጤት ተመረቀ። ማስተርሱን ውጭ መማር የልጅነት ምኞቱ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ስለያዝኩ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ብማረር ይቅር በሉኝ። እቁብ ወጥቶልኝ ነበር፤ ብሩን በሙሉ ወስጄ ለአንድ ኤጀንሲ ከፈልኩ። ሰውየው ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ እኔን ይጠይቀኛል። "ምን መማር ይፈልጋል? እንግሊዝኛ ይችላል?" እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ "ለዓይነ ስውር ቪዛ አይሰጥም፣ ባትለፉ ይሻላል" ተባልን። ብሬም ቀረ።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ባሰ። "ማየት እንደማይችል የትም እንዳትጽፉ፣ እዛ ሲደርስ ያውቁታል" አሉን። ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናም እንደማንኛውም ተፈታኝ አስመዘገቡት። በፈተናው ቀን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡት። የሚያነብለት ፕሮግራም የለም፣ የተዘጋጀ ነገር የለም። ጥቂት ተቀምጦ ተነስቶ ወጣ። የፈተናውም ገንዘብ በላን። ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮ እንኳን አልከፈተም። ሬዲዮ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀን ያውቃል።

ከሰበታ ጀምሮ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው መንገዱን ያሳየን። "አሜሪካን ኤምባሲ ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል ምክር መስጫ አለ፤ ምክሩ በነፃ ነው" አለን። በነፃ ሲባል አላመንኩም። ኤምባሲው ደግሞ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ እዚያው ነው። ወንድሜ እዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ሲማር አንድ ሰው አልነገረንም። ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

ገብተን ተቀመጥን። እኔ እንደለመድኩት ስለ እሱ ማውራት ጀመርኩ። አማካሪዋ "ይቅርታ፣ እህቴ" አለችኝና ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተ ራስህ ምንድነው ማጥናት የምትፈልገው?"

ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ "እኔን ነው?" አለ።

"አዎ፣ አንተን።"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ስለ ሰበታ አወራ፣ ስለ ገጠር ዓይነ ስውራን ልጆች አወራ፣ ለእኔ እንኳን ነግሮኝ የማያውቀውን አወራ። እሷ አላቋረጠችውም፣ ከንፈሯንም አልመጠጠችም። እየጻፈች ትሰማለች። ስንወጣ በደስታ እጄን ይዞ ነጭ በትሩን ረስቶት ወጣ። በትሩን ይዛ እስከ በሩ ሮጣ መጣች።

ሥራዋንም ታውቃለች። ቶፍል ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ልዩ ዝግጅቱ ነው፤ ተጨማሪ ሰዓቱ፣ የሚያነበው ፕሮግራም ወይም ብሬሉ። ያ ሲፈቀድ ነው ለፈተናው የሚመዘገቡት። እኛን ያቃጠለን ይህ ቅደም ተከተል ነበር! ስለ ሐኪም ማስረጃውና ስለ ቅጾቹ አትጠይቁኝ፤ እኔ አልገባኝም፣ እነሱ ጨረሱት።

ዓይነ ስውርነቱን በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለመጻፍ የራሱ ምርጫ እንደሆነ ነገረችው። እዚያ አገር ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አካል ጉዳተኛን ከመድልዎ የሚጠብቅ ሰፊ ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ይህን የሚከታተል ክፍል አላቸው፤ ተማሪው ግን ከተቀበሉት በኋላ ራሱ ሄዶ መጠየቅ አለበት፣ ዝም ካለ ማንም አይመጣለትም። በኦሪገን ስላለው ሞቢሊቲ ኢንተርናሽናል ዩኤስኤ የነገረችን እሷ ናት፤ ውጭ መማር ለሚፈልጉ አካል ጉዳተኞች መረጃ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ማየትም መስማትም የተሳናት ሀቤን ግርማ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት መመረቋንም ነገረችው። ወላጆቿ ከእኛው አገርና ከኤርትራ የሄዱ መሆናቸውን ሲሰማ ወንድሜ ሌሊቱን አልተኛም።

የማይሆነውንም አልደበቀችንም። "ዩኒቨርሲቲው ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው አይቀጥርልህም፤ ራስህን ችለህ ሂድ" አለችው። ሦስት ወር ሙሉ እኔ ቤት ወጥ የሠራው እሱ ነው። ሽሮው ከእኔ ይበልጣል፣ እናታችን ትመስክር።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ በዊልቸር የሚሄድ፣ መማር የሚፈልግ ልጅ ካለ ለደላላ ብር አትክፈሉ። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ገጻቸውን አይታችሁ ቀጠሮ ጠይቁ። ቢያንስ ዓመት ሲቀረው ጀምሩ፤ የፈተናው ፈቃድ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ቪዛ የሚሰጡት እነሱ አይደሉም፣ ያንን ከእነሱ አትጠብቁ። ልጁን ግን ይዛችሁት ሂዱ። እሱ ይናገር፣ እናንተ አዳምጡ። እኔ ይህን ለመማር ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ትመርቅሻለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጻፍኩም። ስትሄዱ ግን "በትሩን ረስቶ የወጣው ልጅ እህት ልካን ነው" በሏት፤ ታስታውሳለች።